ዛሬ ኪስ ነኝ

ወደ ቤታችን የሚያወጣው ደረጃ አሥራ አራት ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ስወጣው ስወርደው ቆጥሬው አላውቅም ነበር። የቆጠርኩት እህቴ ሰባተኛው ላይ መቀመጥ ከጀመረች ወዲህ ነው።

እህቴን እትዬ እላታለሁ። በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን «የታላቅሽን ስም ስትጠሪ እንዳልሰማ» እያለች ስላሳደገችኝ፣ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ሆኜም ስሟ አፌ ላይ አይመጣም። እትዬ መጽሐፍ ጠራዥ ናት። ማተሚያ ቤት ውስጥ ታትሞ የወጣውን ትልቅ ወረቀት የሚያጥፉ፣ የታጠፈውን በክር የሚሰፉ፣ ጀርባውን በሙጫ የሚያጣብቁ ሴቶች አሉ። እሷን ሳይጨምር አሥር ናቸው፤ ከአንድ ረጅም ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ይሰለፋሉ። እትዬ አሥራ ሰባት ዓመት ከእነሱ ጋር ቆማለች።

ስዕልም ትስላለች። ማንም አላስተማራትም። የመጽሐፍ ሽፋን ሲቆረጥ የሚተርፈውን ወፍራም ወረቀት እየለቀመች ታመጣና፣ ከሥራ መልስ ሻይ እስኪፈላ ድረስ በእርሳስ ትሞነጫጭራለች። ወንበር፣ የተረገጠ ጫማ፣ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ጃንጥላ፣ የእኔን የስፌት መኪና። ሁሉም ግን መለማመጃ ነበር። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ረጅሙን ጠረጴዛ ከነሴቶቹ መሳል። «ሰው መጽሐፍ ሲገልጥ ማን እንደጻፈው ያያል፤ ማን እንደሰፋው የሚያይ ግን የለም» ትል ነበር። አራት ጊዜ ጀምራ አራቱንም ቀድዳ ጥላዋለች።

ከሦስት ዓመት በፊት ትኩሳት ያዛት። ትኩሳቱ በሁለት ሳምንት ለቀቃት፤ ድካሙ ግን ቤት ሠርቶ ተቀመጠ። ድካም ስል ተኝተው ሲነሡ የሚለቀውን ማለቴ አይደለም። እትዬ ፀጉሯን አበጥራ እስክትጨርስ ሁለት ጊዜ ክንዷን ታሳርፋለች። ሰው እያወራት ድንገት «ይቅርታ፣ መስማት ደከመኝ» ትላለች። ዛሬ ተሽሎኛል ብላ አንድ ባልዲ ልብስ ካጠበች፣ ነገና ከነገ ወዲያ አልጋ ላይ ናት። ሐኪም ቤት ሦስት ጊዜ ሄድን። ደም ተወሰደ፣ ልብ ተደመጠ። የመጨረሻው ሐኪም ወረቀቶቹን አገላብጦ «ምንም የለብሽም፣ ደህና ነሽ» አላት። ስንመለስ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠችና፣

«ደህና ሆኜ እንዲህ ከሆንኩ፣ ያመመኝ ቀን ምን ልሆን ነው?» አለችኝ።

ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። እኔም የቤቱን ቁልፍ ቦርሳዬ ውስጥ የምፈልግ መሰልኩ።

ማተሚያ ቤቱ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ፣ እቤት ቁጭ ብላ ፖስታ እንድታጣብቅ ፈቀደላት። እኛም የኋላ ክፍላችንን ለቀቅንላት፤ ባሌ አልጋውን ወደ መስኮቱ አዞረው። እናታችን እሁድ እሁድ ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ፣ «ደግሞ ተኛሽ? እኔ በአንቺ ዕድሜ እንኳን ልተኛ ለመቀመጥም ጊዜ አልነበረኝም» ትላታለች።

«እማዬ፣ የአንቺን ድርሻ እኮ ነው እየተኛሁልሽ ያለሁት።»

እናቴ ሳታስበው ትስቃለች፤ መሳቋ ደግሞ ያናድዳታል።

እትዬ ስዕሉን አልተወችም። ከሁሉም የከበዳት ግን እሱ ነበር። ጠዋት ሻይዋን ይዛ ትቀመጥና ረጅሙን ጠረጴዛ ለአምስተኛ ጊዜ ትጀምራለች። አንዷን ሴት ሠርታ ወደ ሁለተኛዋ ሳትሻገር ክንዷ ይዝላል። ከሦስት ቀን በኋላ ስትመለስ፣ የያኔው እጅና የዛሬው እጅ የአንድ ሰው አይመስሉም። ታጠፋለች፣ እንደገና ትሠራለች። «ልክ አልመጣም» ትላለች። ይህን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምሰማው! ልክ አልመጣም፤ ይሄም ልክ አይደለም። አራት ወር ያህል እንዲህ ሆና አሥሩንም ሴቶች ወረቀቱ ላይ አቆመቻቸው። ከአምስቱ ሙከራ ይኸኛው እስከዚያ ድረስ የደረሰ ብቸኛው ነበር።

አንድ ጠዋት ክፍሏ ገብቼ ወረቀቱን ግድግዳ ሥር ተጠቅልሎ፣ እሷን ፊቷን አዙራ ተኝታ አገኘኋት።

«ውሰጂልኝ» አለች ሳትዞር።

«ምኑን?»

«እሱን። ቅደጂው፤ ከፈለግሽም ለካፖርትሽ ቅድ አውጪበት። ብቻ ከዓይኔ አርቂልኝ።»

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ሥራ ትንሽ መናገር አለብኝ። እኔ ቤቴ ሆኜ የልጆች ልብስ እሰፋለሁ። ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት የልብሱ ቅርጽ በወረቀት ይወጣል፤ ፊት ለብቻው፣ ጀርባ ለብቻው፣ እጅጌ፣ ኮሌታ፣ ኪስ። ያንን ነው ቅድ የምንለው። በእኛ በልብስ ሰፊዎች አፍ መቅደድ ማበላሸት አይደለም፤ ሥራ መጀመር ነው። በዚያ ሰሞን ጎረቤታችን አስተማሪዋ ለልጇ ካፖርት አዝዛኝ ነበር፤ ለካፖርት ደግሞ ጋዜጣ አይሆንም፤ ይሸሻል፣ ይቀደዳል። የእትዬ ወረቀት ወፍራም ነው። ተናዳ መናገሯን አላጣሁትም። ግን አራት ወር ሙሉ ያሠቃያት ነገር ወደ ጥቅም ቢለወጥ እፎይ የምትል መሰለኝ። ሕፃኗ ተኝታለች፤ ከአርባ ደቂቃ በላይ አትተኛም። ወረቀቱን በነጩ በኩል ገልብጬ ዘረጋሁ፣ ልኬቱን አሠመርኩ፣ መቀሴን አነሣሁ።

ሁለተኛውን እጅጌ እየቆረጥኩ ሳለ እትዬ ግድግዳውን ይዛ መጣች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ካፖርት። የአስተማሪዋን ልጅ።»

«ወረቀቱን ነው የጠየቅሁሽ።»

መቀሱ እጄ ላይ ቆመ። «አንቺ አይደለሽ እንዴ ያልሽኝ?»

«ምን አልኩሽ?»

«ቅድ አውጪበት አልሽኝ።»

ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ቁርጥራጮች አንድ በአንድ አየቻቸው።

«አንቺ ልጅ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሰው ተናዶ የተናገረው እንዲህ በሜትር ተለክቶ ይሠራል?»

ተመለሰችና በሯን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

አራት ቀን አልተነጋገርንም። ሻይ አስገባለሁ፤ ብርጭቆው እንደ ሞላ ይመለሳል። ቁርጥራጮቹን በስዕሉ በኩል ገልብጬ ወለሉ ላይ ልገጣጥማቸው ሞከርኩ፤ ግን በየመሃሉ የወደቀውን ትርፍራፊ ትልቋ ልጄ ለአሻንጉሊቷ አልጋ ልብስ አድርጋ ከታትፋዋለች። ሰባት ራስና አንድ መስኮት ጎደለኝ። ባሌ ከሥራ መጥቶ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ሲያየኝ፣ «የጠፋ መርፌ ነው?» አለኝ።

በአምስተኛው ቀን እትዬ መጥታ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀመጠች።

«እጅጌውን አምጪው።»

ሰጠኋት። በስዕሉ በኩል ገለበጠችው። እጅጌው ላይ የቀረው አንድ የሴት እጅ ብቻ ነበር፤ ክር ስቦ ወደ ላይ የወጣ እጅ፣ እስከ ክርኑ። ፊቱም፣ ጠረጴዛውም፣ ሌሎቹ ሴቶችም በመቀስ ሄደዋል። ሕፃኗ ተነሣችብኝ፤ ሄጄ አጠባኋትና ተመለስኩ። እትዬ አሁንም ያንኑ እጅጌ ይዛለች።

«ይቺ እኮ ልክ ናት» አለች።

ከትኩሳቱ ወዲህ ይህን ስትል ሰምቻት አላውቅም።

«እዚያ ውስጥ ነበረች፤ አላየኋትም። ዙሪያዋን ያሉት ስሕተቶች ውጠዋት ነው።»

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነገር ነው። «እትዬ፣ እኔ እኮ ካፖርት ሰፍቼ አላውቅም» አልኳት።

«ምን ትያለሽ? የአስተማሪዋ ልጅ ካፖርት ይኸው ተሰቅሏል አይደል እንዴ?»

«እኔ የምሰፋው እጅጌ ነው። ልጅ ስትተኛ እጅጌ እሰፋለሁ፤ ስትነሣ መርፌዬን አስቀምጣለሁ። ደግሞ ስትተኛ ኮሌታ። ካፖርት ልስፋ ብዬ ብቀመጥ ኖሮ ገና ዱሮ አብድ ነበር። አንቺ በየቀኑ ሙሉ ካፖርት ልትሰፊ ነው የምትነሺው።»

«ልክሽን እወቂ እያልሽኝ ነው?» አለችኝ። ቅንድቧ ተነሥቷል።

«ኧረ በስማም! ለታላቄ እንደዚያ ይባላል? ልክሽን ልውሰድ ነው ያልኩት።» ከአንገቴ ላይ ሜትሬን አውርጄ አንገቷ ላይ ጣል አደረግሁላት።

ሳቋ መጣ፤ ከአምስት ቀን በኋላ።

እንዲህ ተጀመረ። ከቀረው ወፍራም ወረቀት በኪስ ልክ፣ በኮሌታ ልክ፣ በእጅጌ ልክ፣ በጀርባ ልክ ቆርጬ ሳጥን ውስጥ ደረደርኩላት። ጠዋት ሻይዋን ይዤ ስገባ «እንዴት አደርሽ» ካልኩ በኋላ «ዛሬ ልክሽ ስንት ነው?» እላታለሁ። ክንዷን አንሥታ ታየዋለች፣ አንገቷን ታዞራለች፣ ከዚያ ትነግረኛለች። አብዛኛውን ጊዜ «ዛሬ ኪስ ነኝ» ነው። ኪስ ማለት አንድ አውራ ጣት፣ አንድ ጆሮ፣ የክር ጥቅል። ኮሌታ የሆነች ቀን አንገትና ትከሻ ትሠራለች። እጅጌ በሳምንት አንዴ ቢመጣ ነው። ጀርባ የሆነችበት ቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ትዝ ይለኛል፤ ሦስቱንም ጠረጴዛውን ለመሥራት አዋለቻቸው።

ሕጉ አንድ ነው፤ ከተናገሩት ልክ በላይ አይሠራም፣ ቢያስኬድም። አንድ ቀን ኪስ ነኝ ብላ ተደብቃ እጅጌ ስትሠራ ያዝኳት።

«ሌባ!» አልኳት።

«እየመጣልኝ እኮ ነው፣ ተይኝ።»

ተውኳት። ስድስት ቀን ተኛች።

ሁሉም ነገር ሰመረ ብዬ ላሳምር አልፈልግም። አብዛኛው ኪስ የማይረባ ነበር። አውራ ጣቱ የእንጨት ማንኪያ ይመስላል፤ ጆሮው የተነከሰ ዳቦ። «ልክ አልመጣም» ማለቷም አልቀረም፤ ወረቀቱን ጨምድዳ የምትወረውርበት ቀን ብዙ ነው። ግን ኪስ የምታክል ስሕተት ኪስ ታክላለች፤ የአራት ወር ስሕተት አይደለችም። ተጨምድዳ ስትወድቅ የነገዋ ኪስ ሳጥን ውስጥ አለች። ደህና የወጡትን አሮጌ አንሶላ ግድግዳ ላይ ወጥረን በየቦታቸው በእስፒል እንሰካቸው ጀመር።

ቋንቋው ቤቱን ወረሰው። ትልቋ ልጄ ትምህርት ቤት አልሄድም ስትል «እማዬ፣ እኔም ዛሬ ኪስ ነኝ» ትለኛለች። ባሌ ከሥራ ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ይወድቅና «እኔስ ገበር ሆኛለሁ፣ ያውም የተቀደደ» ይላል። እናታችን ብቻ «ምን ዓይነት ንግግር ነው? ሰው ይሆናል እንጂ ኪስ ይሆናል?» ብላ ትቆጣለች። ቢሆንም ባለፈው እሁድ ስትወጣ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ቆም አለችና፣ ማንም የማይሰማት መስሏት፣ «ኮሌታ» ስትል ሰምቻታለሁ።

በዓመቱ ሰባት ሴቶች አንሶላው ላይ ቆሙ። ሦስት ቀሩ። በዚህ መሃል ሙጫ ልትጠይቀን መጣች። ሙጫ ከጠረጴዛው ሴቶች አንዷ ናት። ስሙን ያወጡላት በሥራዋ አይደለም፤ ሰው ቤት አንዴ ከተቀመጠች የሚያላቅቃት ስለሌለ ነው።

«አንቺ፣ ሰምተሻል?» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ማጠፊያ ማሽን ሊመጣ ነው። ማሽኑ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ጠረጴዛችንን አራት ቦታ ቆርጠው ሊያወጡት ነው፣ በወሩ መጨረሻ።»

«እናንተስ?» አለች እትዬ።

«ግማሾቻችን መጋዘን፣ ግማሾቻችን ቤታችን። እኔ መጋዘን ነኝ። ሣጥን ላይ እየተቀመጥኩ ከማን ጋር ላወራ ነው? ከአይጥ ጋር?» አለችና ዓይኗ አንሶላው ላይ አረፈ። ዝም አለች። ሙጫ ዝም ስትል አይቼ አላውቅም። ተነሥታ ተጠጋች።

«ይቺ ቆጣሪዋ አይደለችም? ገጽ ስትቆጥር እኮ ከንፈሯን እንዲህ ነው የምታደርገው። ይቺኛዋ ደግሞ...» ጣቷን ወደ አንዲት ኪስ ዘረጋች። ኪሷ ላይ ጥፍሩ መሃል ለመሃል የተሰነጠቀ አውራ ጣት አለ። የራሷን አውራ ጣት አነሣችና አጠገቡ ያዘችው።

«የእኔ ናት!» አለች። «የእኔን ጥፍር ሳልሽው? ባሌ እንኳ በሃያ ዓመት አላያትም!»

በዚያ ቀን ቶሎ ሄደች። ከበሩ ላይ ተመልሳ ግን፣ «ሳይበትኑን ጨርሺን፣ እህቴ» አለቻት።

ያቺ ቃል ናት የጣለቻት። በማግስቱ እትዬ ልኳን ስጠይቃት «ጀርባ» አለችኝ። ፊቷ ጀርባ አይልም ነበር። «እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አልኳት። «ጠረጴዛው ሳይቆረጥ አንዴ ልየው። የሦስቱ አቋም ከዓይኔ ጠፍቶብኛል» አለች። ልጆቹን ለጎረቤት ትቼ ይዣት ሄድኩ። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ከበሩ አጠገብ ወንበር ሰጧት። አሥሩ ሴቶች እያጠፉ፣ እየሰፉ፣ አንዳንዴ ቀና እያሉ ፈገግ ይሉላታል። እሷም ጉልበቷ ላይ ካርቶን አድርጋ ሳለች። ሦስት እጅጌ፣ በአንድ ከሰዓት። እጇ ሲንቀጠቀጥ በግራዋ ትደግፈዋለች። «ይበቃል» ስላት አትሰማኝም። ልከለክላት እችል ነበር፤ አልከለከልኳትም። ጠረጴዛው ለእኛ ብሎ አይቆይም።

ስንመለስ ሰባተኛው ደረጃ ላይ መቀመጥ አልበቃትም፤ ሦስተኛውም ላይ፣ አምስተኛውም ላይ ተቀመጠች። አሥራ አራተኛውን ባሌ ደግፎ አወጣት።

አሥራ አንድ ቀን ተኛች። መጋረጃ ሲከፈት ዓይኗን ያማት ነበር፤ ልጆቹን በሹክሹክታ አኖርኳቸው። ሦስቱን እጅጌዎች አውጥቼ አየኋቸው፤ መስመሮቹ ተንቀጥቅጠው ተደራርበው ማን ማን እንደሆነች አይለይም። እሷም በሰባተኛው ቀን አይታቸው «ልክ አይደሉም» ብላ መልሳ ሰጠችኝ። አላለቀሰችም። በዚያው ሳምንት ሙጫ በስልክ ጠረጴዛው መውጣቱን ነገረችኝ። ለእትዬ ወዲያው አልነገርኳትም፤ ስነግራት ግን «አውቄዋለሁ፤ በስልክ በሹክሹክታ ስታወሪ ነው ያወቅሁት» አለችኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ጠዋት ሻይዋን ይዤ ገባሁ። «እንዴት አደርሽ» አልኩና ቆምኩ። ልኳን መጠየቅ ፈራሁ። ብትተወው መብቷ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ፤ ሳጥኑንም ከአልጋው ሥር ልገፋው አስቤ ነበር።

«ከኪስ በታች ምን አለሽ?» አለች፣ ራሷን ከትራሱ ሳታነሣ።

«ከኪስ በታች?»

«ዛሬ ኪስ አልሞላም።»

አሰብኩ። ከዚያ ወደ መኪናዬ ሄጄ የቁልፍ ቆርቆሮዬን ከፈትኩ፤ ከካፖርት ቁልፎች ትልቁን መርጬ ወፍራሙ ወረቀት ላይ ዙሪያውን አሠመርኩና ቆረጥኩት። መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። አየችው። እርሳሱን ሰጥቼ ወረቀቷን ካርቶን ላይ አስደግፌ ያዝኩላት፤ ተኝታ፣ በጎኗ፣ ሁለት ጊዜ አርፋ ሠራችው። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ባለ ሁለት ቀዳዳ ቁልፍ ነበር፤ በአንድ ክር ብቻ የተንጠለጠለ።

«ስምንተኛዋ ናት» አለችኝ። «ጋዋኗ ላይ ሁልጊዜ ልትወድቅ የምትል ቁልፍ ነበረቻት። ስፊያት እንላታለን፣ ነገ ትላለች። አሥራ ሰባት ዓመት ነገ።»

ስምንተኛዋ ሴት በምትቆምበት ቦታ፣ ደረቷ ሊሆን በሚገባው ላይ በእስፒል ሰካሁት። እስፒሉ ከቁልፏ ይበልጥ ነበር። ዙሪያዋ ባዶ አንሶላ ነው፤ በዚህ አካሄድ ሦስቱ ሴቶች ስንት ዓመት እንደሚፈጁ ልቆጥር ጀመርኩና ተውኩት።

«እትዬ፣ ከቁልፍ በታች የሆንሽ ቀንስ ምን ልቁረጥልሽ?»

ዓይኗን ጨፍናለች፤ የተኛች መስሎኝ ብርጭቆውን አንሥቼ ልወጣ ስል፣

«የቁልፍ ቀዳዳ» አለችኝ።